ወይን ጠጅን በቤት ካቢኔ ውስጥ በትክክል ማስቀመጥ፦ ለጎንደር ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የወይን ካቢኔ ገዝቶ ሳሎን ማቆምና ሶኬት ላይ መሰካት ማንንም አያቅትም። ችግሩ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ቡሹ ከአንገቱ ብቅ ብሎ ይገኛል፣ ወይኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፣ ወይም ሞተሩ ተቃጥሎ ካቢኔው ውድ የጠርሙስ መደርደሪያ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። የኤሌክትሪኩ፣ የቦታ አመራረጡና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ችኮላ ነው።

«ጎንደር ደጋ ነው፣ ወይን እዚህ አይበላሽም» የሚል አባባል ይሰማል። አይመኑት። ወይን ሙቀቱ ሳይዋዥቅ በ18 ዲግሪ ቢቀመጥ ብዙም አይከፋም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ቀን ወደ 30 ዲግሪ ወጥቶ ሌሊት በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ወይኑ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በየቀኑ ይህ ሲደጋገም በቡሹ ዳር አየር ይስባል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለአንድ ዓላማ ነው፦ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛትዎ በፊት የካቢኔውን ጀርባ ያንብቡ

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ካቢኔ አለ። አንዱ እንደ ማንኛውም ፍሪጅ በኮምፕሬሰር ይሠራል። ሌላው ኮምፕሬሰር የለውም፤ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳና በፋን ብቻ ያቀዘቅዛል። ሁለተኛው ድምፅ አያሰማም፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ሻጭም በዚሁ ያሞግሰዋል። ነገር ግን ከክፍሉ ሙቀት በታች ማውረድ የሚችለው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ነው። ክፍሉ 30 ሲሆን እሱ 16 ወይም 18 ላይ ይቆማል፤ ሌሊት ክፍሉ ሲበርድ ደግሞ አብሮ ይወርዳል። ለጎንደር ኮምፕሬሰር ያለውን ይግዙ።

ቀጥሎ በጀርባው ወይም በውስጥ ጎኑ የተለጠፈውን ሰሌዳ ይመልከቱ። ካቢኔው በምን ያህል የክፍል ሙቀት እንዲሠራ እንደተሠራ በፊደል ተጽፏል፦

- ኤስኤን፦ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ
- ኤን፦ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ
- ኤስቲ፦ ከ16 እስከ 38 ዲግሪ
- ቲ፦ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ

«ሞቃት አገር ስለሆንን ቲ ይሻላል» ብለው አይቸኩሉ። ታኅሣሥና ጥር ላይ የጎንደር ክፍል ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሁለት ፊደል በአንድ ላይ የያዘ፣ ለምሳሌ ኤስኤን-ኤስቲ የሚል ካገኙ ከ10 እስከ 38 ስለሚሸፍን እሱን ይምረጡ።

የጠርሙስ ቁጥሩንም እንዳለ አይቀበሉ። «30 ጠርሙስ ይይዛል» ሲባል የተቆጠረው 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው፣ ትከሻው ጎላ ባለ የቦርዶ ጠርሙስ ነው። ሆዱ ሰፋ ያለው የቡርገንዲ ጠርሙስና የሻምፓኝ ዓይነቱ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ከተጻፈው ቢያንስ አንድ አምስተኛ ቀንሰው ያስቡ።

ደረጃ 2፦ ቦታ ይምረጡ

1. ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ላይ አያስጠጉ። የቤቱ ሰሜናዊ ወገን ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። የድሮ የድንጋይ ቤት ካለዎት ወፍራሙ የውስጥ ግድግዳ ዋና ምርጫዎ ይሁን።
2. ኮርኒስ የሌለው ክፍል አይምረጡ። ቆርቆሮው ቀን ያነደደውን ሙቀት በቀጥታ ወደ ታች ይለቀዋል።
3. ከወጥ ቤትና ቡና ከሚፈላበት ጥግ ያርቁ። የከሰሉ ሙቀት ሞተሩን ያደክማል፤ የእጣኑ ጭስና የበርበሬው ሽታ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይገባል።
4. ከልብስ ማጠቢያ ማሽንና ከትልልቅ ስፒከር አጠገብ አያቁሙ። ንዝረት ዝቃጩ እንዳያርፍ ያደርጋል።
5. ብቻውን የሚቆም ካቢኔ ከሆነ ከጀርባው ቢያንስ 10፣ ከጎንና ከጎን 5፣ ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ።

የአምስተኛው ምክንያት የጎንደር ከፍታ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ከሞተሩ ጀርባ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ቢል እንኳ እርስዎ 10 ይተዉ። በቁም ሳጥን ውስጥ የሚገጠም ካቢኔ ከፈለጉ የአየር መውጫው ከፊት ለፊት ከሥር መሆኑን ያረጋግጡ። መውጫው ከኋላ የሆነውን ቁም ሳጥን ውስጥ መክተት ካቢኔውን አፍኖ መግደል ነው።

ደረጃ 3፦ መስመሩን ያዘጋጁ

ኮምፕሬሰር የሚቃጠለው በአብዛኛው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ሞተሩ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ ያለው ጋዝ ግፊት በአንድ ወገን ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ለመመጣጠን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። መብራቱ ሄዶ ወዲያው ከተመለሰ ሞተሩ ያንን ግፊት ገፍቶ መነሳት ያቅተዋል፣ ሽቦው ይግላል።

- ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ስታብላይዘር ወይም የፍሪጅ መከላከያ ይግዙ። ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ያስሞክሩት፦ ነቅለው መልሰው ሲሰኩት ቆጥሮ መልቀቅ አለበት።
- አቅሙን ለመምረጥ በካቢኔው ሰሌዳ ላይ ያለውን ዋት በ5 ያባዙ፤ ሞተር ሲነሳ ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ ይስባልና። 120 ዋት ከሆነ 600 ይመጣል፤ 1000 ቮልት አምፔር ያለው ስታብላይዘር ያለ ስጋት ይችለዋል።
- ካቢኔውን ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ላይ አያድርጉ። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሞተሩ በዚያች ሰዓት ልነሳ ቢል ይንገዳገዳል። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ከብሬከሩ ለብቻው መስመር ያስወጡለት፤ ኧርዙንም ያስፈትሹ።
- በዲቫይደር አይሰኩ። ቴሌቪዥን፣ ቻርጀርና ካቢኔ የተደረደሩበት ዲቫይደር ቀልጦ የሚገኝበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ያቁሙ፣ ያሳርፉ፣ ባዶውን ያስነሱ

ካቢኔው ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ ከሆነ የመጣው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተንገጫግጯል፤ ምናልባትም ተጋድሞ። ሲጋደም የሞተሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይፈሳል።

1. ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ሳይሰኩ 24 ሰዓት ይተዉት።
2. ውሃ ልክ ከላዩ ላይ አድርገው በሁለቱም አቅጣጫ ይፈትሹ፤ እግሮቹን እያዞሩ ያስተካክሉ። ያዘመመ ካቢኔ በሩ በደንብ አይገጥምም፣ ድምፁም ይጨምራል።
3. የበሩን ጎማ ይፈትሹ። አንድ የብር ኖት በበሩ መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልገጠመም። በላይ፣ በታችና በሁለቱም ጎን ይድገሙት።
4. ይሰኩት፣ 12 ዲግሪ ላይ ያድርጉትና ባዶውን 24 ሰዓት ያሠሩት።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን ሙቀት ያግኙ

በሩ ላይ የሚታየው ቁጥር የአየሩ እንጂ የወይኑ አይደለም። ለወይኑ ይህን ያድርጉ፦ ባዶ የወይን ጠርሙስ ውሃ ሞልተው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያቁሙ፤ ለማቆም ከጠበበ አንዱን መደርደሪያ ለጊዜው ያውጡ። ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር ከትተው በማግስቱ ያንብቡ። 12 ወይም 13 ካለ ጨርሰዋል። 15 ካለ የበሩን ቁጥር በ1 ዲግሪ ብቻ ዝቅ አድርገው ሌላ 24 ሰዓት ይጠብቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በየሰዓቱ ይነካካል፣ በመጨረሻ የቱ ቁጥር ምን እንዳመጣ አይታወቅም።

ቀይና ነጭ ለየብቻው ሙቀት ያስፈልገዋል ብለው አይጨነቁ። ለማስቀመጥ ሁሉም 12 ይስማማዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ሲቀርብ ነው።

ደረጃ 6፦ እርጥበቱን ይለኩ

ቡሽ ከደረቀ ይጨማደዳል፣ አየር ያሳልፋል። ከ50 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ጥሩ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ከዚያ ሊወርድ ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

መለኪያ ሲገዙ መጀመሪያ እሱን ራሱን ይፈትሹ። አንድ የሻይ ማንኪያ የገበታ ጨው በላስቲክ ክዳን ላይ አድርገው በጥቂት ጠብታ ውሃ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ያርሱት፤ እንዲሟሟ ግን አያድርጉ። ክዳኑንና መለኪያውን ጎን ለጎን አየር በማያስገባ ፌስታል ዘግተው 12 ሰዓት ያቆዩ። ትክክለኛ መለኪያ 75 ያሳያል። 69 ካሳየ ከዚያ በኋላ በሚያነቡት ሁሉ ላይ 6 ይደምሩ።

በበጋ ከ50 ከወረደ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ያስቀምጡ፤ በየሳምንቱ ይቀይሩት። በክረምት ከ80 ካለፈ ሳህኑን ያውጡና ከኋላ ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ እንዳልተደፈነች ይመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ጠርሙሱን ከማስገባትዎ በፊት ይመርምሩ

ካቢኔ የተበላሸ ወይን አያድንም። ግሮሰሪ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለውበት የተደረደረውን አይግዙ፤ ከውስጥ፣ ከካርቶን ውስጥ ያለውን ያስወጡ። ከዚያ ይመልከቱ፦

- ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሏል ወይ? ከፍ ካለ ሙቀት አግኝቶታል። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚመጣ ጭነት በዓባይ በረሃ ካለፈ የሚሞቀው እዚያ ነው፤ ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ቡሹን የሚገፋው ይጨምራል።
- አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር፣ መለያ ወረቀቱ ላይ የደረቀ የወይን መስመር አለ ወይ?
- የወይኑ ከፍታ ከሌሎቹ ዝቅ ብሏል ወይ?

ከሦስቱ አንዱ ከታየ አይግዙት። በስጦታ የመጣ ከሆነ ለማስቀመጥ ሳይሞክሩ በዚያው ሳምንት ይክፈቱት።

ደረጃ 8፦ ይደርድሩ

1. ከካቢኔው አቅም ከአንድ ሦስተኛ በላይ በአንድ ጊዜ አያስገቡ። የክፍል ሙቀት የያዘ 30 ጠርሙስ ባንዴ ከገባ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ቀድሞ የቀዘቀዘውም ይሞቃል። ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቅ ቤት በዋዜማው ከሚጭን ጥር 7 ወይም 8 ላይ ቢጀምር ይሻለዋል።
2. ከባድ ጠርሙሶችን ከታች ያድርጉ። የሻምፓኝ ዓይነት ጠርሙስ ሲሞላ ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ተራው 1.2 ወይም 1.3 ነው።
3. ባለ ቡሹን ሁሉ ያጋድሙ፣ ወይኑ ቡሹን እንዲነካ። ጠመዝማዛ ክዳን ያለው ቢቆምም ቢጋደምም ለውጥ የለውም።
4. የጠርሙሱ ጫፍ የኋላውን ግድግዳ እንዳይነካ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። የነካው ቦታ ላይ በረዶ ይሠራል፤ የፋኑም አየር ይታገዳል።
5. ሰፋፊ ጠርሙሶችን አንዱን አንገቱን ወደ ፊት፣ ቀጣዩን ወደ ኋላ እያደረጉ ያሰባጥሩ። መደርደሪያውን ሲያወጡ የሚፋተግ ከሆነ በግድ አያስገቡ።
6. ባለ አንድ ክፍል ካቢኔ ከላይ ትንሽ ይሞቃል፣ ከታች ይበርዳል። ቀዩን ከላይ፣ ነጩንና አረፋማውን ከታች ያድርጉ።
7. መለያ ወረቀቱን ወደ ላይ ያዙሩ፤ ለማንበብ ጠርሙስ ማንከባለል አይኖርብዎትም።

የቤት ጠጅ፣ ብርዝና ጠላ እዚህ ካቢኔ አይገቡም። መፍላታቸው ስላላለቀ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ ያጠራቅማሉ፤ አንዱ ቢፈነዳ ስብርባሪው መደርደሪያውን ሁሉ ያዳርሳል። ቅቤ፣ አይብ፣ የተፈጨ ቡናም አይገቡም።

ደረጃ 9፦ ዓመቱን በትክክል መዝግቡ

ደብተር ይያዙ፦ ስም፣ ዓመት፣ የገባበት ቀን፣ መደርደሪያ። እዚህ አገር ብቻ የሚያጋጥም ስሕተት አለ። ከውጭ በመጣ ጠርሙስ ላይ 2016 የሚል ካነበቡ በፈረንጅ አቆጣጠር ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ነው፤ በእኛ 2008 ወይም 2009 ነው። «የ2016 ነው፣ ገና አዲስ ነው» ብሎ ሌላ አምስት ዓመት ማስቀመጥ ያረጀውን ማስረጀት ነው። በደብተርዎ ሁለቱንም ይጻፉ። በአገር ውስጥ ምርትም ላይ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ።

እንደ ሪፍት ቫሊ፣ አካሺያ፣ ጉደርና አክሱማይት ያሉትን ለአሥር ዓመት ማስረጀት ትርፉ ድካም ነው። በተገዙ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ይጠጡ። ካቢኔው የሚያደርግላቸው በገዟቸው ጣዕም እንዲቆዩ ነው።

መብራት ሲጠፋ

በሩን አይክፈቱ። ዋናው ይህ ነው። በጠርሙስ የተሞላ ካቢኔ ሳይከፈት ከቆየ ሙቀቱ የሚነሳው ቀስ እያለ ነው፤ ጥቂት ሰዓት አያስጨንቅም። ግማሽ ባዶ ከሆነ ባዶውን ቦታ ውሃ በተሞሉ ጠርሙሶች አስቀድመው ይሙሉት። ከግማሽ ቀን በላይ ከቆየ የመስታወት በሩ ላይ ጋቢ አጥፈው ያንጠልጥሉ፤ መብራት ሲመጣ ግን ያንሡት፣ አየር መውጫው ላይ እንዳይቀር። በረዶ አያስገቡ። በድንገት ማቀዝቀዝ ቀስ ብሎ ከመሞቅ አይሻልም።

ይህ ቢያጋጥምዎ

*ሞተሩ አያርፍም።* መጀመሪያ ጀርባውን ይዩ፤ በበጋው አቧራ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ነቅለው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ካልሆነ የብር ኖቱን ፈተና ይድገሙ፤ የደረቀ ጎማ በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሲታሽ ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል።

*ከኋላ በረዶ ተጋግሯል።* በቢላ አይፋቁት፤ ከግድግዳው በስተጀርባ የጋዝ ቧንቧ አለ። ጠርሙሶቹን አውጥተው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ ካቢኔውን ነቅለው በሩን ከፍተው ያቅልጡ።

*መለያ ወረቀቱ ሻገተ።* ወይኑ አልተነካም። ወረቀቱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ እርጥበቱን ይቀንሱ።

*የሻጋታ ሽታ አለ።* አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ በጥብጠው ውስጡን ይወልውሉ፣ ያድርቁ። በረኪና ፈጽሞ አይጠቀሙ። ክሎሪኑ ከእንጨት መደርደሪያና ከሻጋታ ጋር ሲገናኝ እርጥብ ካርቶን የሚሸት ውህድ ይፈጥራል፤ እሱ አንዴ ቡሽ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ካቢኔው የከሰል ማጣሪያ ካለው በዓመት አንዴ ይቀይሩት።

*አንድ ጠርሙስ አንጠባጠበ።* ያውጡት፣ ያቁሙት፣ በቀናት ውስጥ ይክፈቱት። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ ሁለት ሦስት ከሆኑ ካቢኔው የሆነ ጊዜ ሞቋል ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመልሰው ይለኩ።

ከካቢኔ ወደ ጠረጴዛ

ቀዩን ከመቅረቡ በፊት አውጥተው ክፍል ውስጥ ያቁሙ፤ 16 ወይም 17 ዲግሪ ሲደርስ ያቅርቡት። ነጩን በተራው ፍሪጅ 30 ደቂቃ፣ አረፋማውን ከአንድ ሰዓት በላይ ያቀዝቅዙ። አረፋማውን በተለይ በደንብ ያቀዝቅዙት፤ በዚህ ከፍታ ቡሹ በትንሹም ቢሆን በበለጠ ኃይል ስለሚወጣ ሽቦውን ሲፈቱ አውራ ጣትዎን ከቡሹ ላይ አያንሡ፣ ጠርሙሱንም ወደ ሰው አያዙሩ። ዝቃጭ ያለውን አሮጌ ቀይ ከአንድ ቀን በፊት አቁመው ያሳርፉት።

የተከፈተ ጠርሙስ ወደ ካቢኔው አይመለስም። ቡሹን መልሰው ደፍነው በተራው ፍሪጅ አቁመው ያስቀምጡ፤ በ3 ቀን ውስጥ ካልተጠጣ ለሥጋ መዘፍዘፊያ ያድርጉት።